ገበናን በሲኒማ መግለጥ፤ ለማረም ነውን ወይስ ባዕድን ለማስደሰት?

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። እነዚሁ አባቶቻችን ደግሞ ገበናውን ለባዳ የሚያወጣውን ሰው ይንቁታል፤ በእንግዳ ፊት የቤቱን ጉድ የሚዘረዝር ልጅ አሳፋሪ ይባላል። ሁለቱም ትምህርት ከአንድ ቤት የወጣ ነው። ሁለቱንም የተማርን እኛ ልጆች የአገራችን ክፉ ልማድ በሲኒማ ሸራ ላይ ተገልጦ ባየን ጊዜ የትኛውን ትምህርት እንደምንከተል ይጨንቀናል። ግማሻችን «እሰይ፥ እውነቱ ወጣ» እንላለን፤ ግማሻችን ደግሞ «ፈረንጅ እንዲሥቅብን ነው» ብለን ፊታችንን እናዞራለን።

በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የፈለግሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው። የማኅበራዊ ኑሮን ጉድለት የሚያጋልጥ ፊልም ለመሻሻል ይረዳልን? ወይስ የባዕዱን ተመልካች አዛኝነትና የበላይነት ስሜት ከመመገብ በቀር ሌላ ፋይዳ የለውም? ክርክሩ በኛ መካከል የተነሣው «ድፍረት» የተባለውን ፊልም በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ አብረን ካየን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ለብዙ ሌሊት ሳይበርድ ቆይቷል። የኔ መልስ ከሁለቱም ወገን ጥቂት ይለያል። ይኸውም፥ በአንድ ስም «ገበና» እያልን የምንጠራው ነገር ሁለት ዐይነት ስለ ሆነ መልሱም ሁለት ነው የሚል ነው። የመንግሥት ገበናና የልማድ ገበና አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ባዕድ ሲያየው ሊታረም ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ባለቤቱ ራሱ አይቶ ካልተከራከረበት አይታረምም።

1. የሕንዶች ክርክር

ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም፤ ሕንዶች ከኛ ቀድመው ብዙ ተከራክረውበታል። በ1927 እ.ኤ.አ. ካትሪን ሜዮ የተባለች አሜሪካዊት «እናት ሕንድ» የሚል መጽሐፍ አሳትማ የሕፃናትን ጋብቻና የሴቶችን መከራ ለዓለም አወጣች። መጽሐፉ «ሕንድ ራሷን ልታስተዳድር አትችልም» ይሉ ለነበሩት እንግሊዞች ደስ የሚያሰኝ ነበር። ማሕተማ ጋንዲ መጽሐፉን የቆሻሻ ቦይ እንዲመረምር ከተላከ ሰው ዘገባ ጋር አመሳሰሉት፤ ይሁን እንጂ ሕንዳዊ ሁሉ ቢያነበው ጥቅም እንደሚያገኝበት አልካዱም። ይህ ሁለት ወገን ያለው ፍርድ ለኔ ትክክል ይመስለኛል። አንዱ ጽሑፍ በባዕድ እጅ ስድብ፥ በባለቤቱ እጅ ግን ምክር ሊሆን ይችላል ማለት ነውና።

ከ30 ዓመት በኋላ በ1957 እ.ኤ.አ. መሕቡብ ኻን ይህንኑ ስም ወስዶ ለፊልሙ ሰጠው። በፊልሙ ውስጥ ያለችው እናት በአራጣ አበዳሪ የምትጨቆን፥ ሆኖም ክብሯን የማትሸጥ ገበሬ ናት። እናቲቱን ሆና የተጫወተችው ናርጊስ በ1980 እ.ኤ.አ. የፓርላማ አባል ሳለች፥ «ፓተር ፓንቻሊ»ን በ1955 እ.ኤ.አ. የሠራውን ሳትያጂት ራይን የሕንድን ድህነት ለውጭ አገር እያሳየ ስም አተረፈ በማለት ወቀሰችው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ድህነቱ በሁለቱም ፊልም ውስጥ አለ። ናርጊስን ያስቆጣት ድህነቱ መታየቱ ሳይሆን በማን ፊት መታየቱ ነበር።

በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊቷ ሌስሊ አድዊን በዴልሂ በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ ተፈጸመው የመድፈርና የግድያ ወንጀል የሠራችው ዘጋቢ ፊልም በሕንድ እንዳይታይ ታገደ። ፊልሙ በውጭ አገር ታየ፤ ሊታረም የሚገባው ነገር ያለበት አገር ሕዝብ ግን በቴሌቪዥኑ እንዳያየው ተከለከለ። ይሁንና የሕንድ የወንጀል ሕግ የጠነከረው ከፊልሙ በፊት በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያጠነከረውም በዴልሂ አደባባይ የወጡት የሕንድ ተማሪዎችና ሴቶች ጩኸት ነው። ይህን ቅደም ተከተል አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ በአገራችንም እናገኘዋለንና።

2. የመንግሥት ገበና

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሀብ ሲያልቅ ነገሩ ተሸፍኖ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው በግቢያቸው አሳዩ። የአገር ሰው ለአገር ሰው ያሳየው የመጀመሪያው ምስል ይህ ነበር። መንግሥት ግን በዚህ አልተነቃነቀም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረሀብ» የተባለውን ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባሳየ ጊዜ የዓለም ሕዝብ ደነገጠ፤ ርዳታም መጣ። አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ፊልሙን ለሕዝብ ያሳየው ደርግ ራሱ ከ10 ዓመት በኋላ በዚያው ወጥመድ ተያዘ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር በሰሜን ሕዝቡ ይራብ ነበር። በጥቅምት ወር የኬንያው ካሜራ አንሺ ሞሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ በኮረም ያነሡት ፊልም ለዓለም ታየ። አሁንም ርዳታው የመጣው ባዕድ ካየ በኋላ ነው።

በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት ፊልሙ የተሠራው ለባዕድ ዐይን ነው፤ ይሁን እንጂ ጥቅም አልሰጠም ማለት አይቻልም። ምክንያቱን ስንመረምር እንዲህ እናገኘዋለን። የወሎ ገበሬ ሊያርመው የሚገባው ጥፋት አልነበረበትም። ጥፋቱ የደበቀው መንግሥት ነበረ። መንግሥት ደግሞ በባዕድ ዘንድ መከበርንና ከባዕድ ብድርና ርዳታ ማግኘትን ስለሚፈልግ በባዕድ ፊት ያፍራል። እፍረቱም ወደ ሥራ ይገፋዋል። ስለዚህ የገዢዎችን ጥፋት የሚያጋልጥ ፊልም ለባዕድ ቢታይ፥ «ገበና ወጣ» ብሎ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ራሱ ነው።

ዋጋ ግን ተከፍሎበታል። የተራበው ሕፃን ምስል ከፊልሙ ወጥቶ የአገሪቱ መልክ ሆነ። ዝናብ በዘነበበትና እህል በሞላበት ዓመት እንኳ የኢትዮጵያ ስም ሲነሣ በብዙ አገር ሰው ሐሳብ ውስጥ የሚመጣው ይኸው የኮረም ሜዳ ነው። ያ ሕፃን ስሙ አልተጠየቀም፤ ፊልሙንም አላየውም።

3. የልማድ ገበናና «ድፍረት»

አሁን ወደ ሁለተኛው ዐይነት ገበና እንለፍ። የአገራችን ሲኒማ ከመጀመሪያው ጀምሮ ልማድን ለመውቀስ የተነሣ ነው። በ1957 ዓ.ም. የታየው «ሂሩት አባቷ ማነው» ርእሱ ራሱ እንደሚናገረው አባት ስላልታወቀላት ልጅ ነው። ከዚያ 10 ዓመት ገደማ ቈይቶ የወጣው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ደግሞ የደም መመላለስን ልማድ ያነሣል። እነዚህ ፊልሞች ከሁሉ በፊት የተሠሩት ለአገር ሰው ነው። ተመልካቹ የራሱን ጎረቤት በሸራው ላይ ያያል፤ ሲወጣም በመንገድ ይከራከራል።

«ድፍረት» በብዙ ነገር ከእነዚህ ይለያል። ታሪኩ በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ የተፈጸመ እውነተኛ ድርጊት ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ትደፈራለች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ጥብቅና የቆመላት በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩን ከመሠረቱት መካከል የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ፥ የኛው ክልል ከተማ በሆነችው በአሶሳ የተወለዱ ናቸው፤ በኋላም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ልጅቷ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት።

ፊልሙን የደረሰውና ያዘጋጀው አቶ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን፥ ትዕግሥተኛ በሆነ አኳኋን፥ ትጫወታለች። በጥር 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ ከዚያም በበርሊን በፓኖራማ ክፍል ተመልካቾች መርጠው ሸለሙት። የታወቀችው ተዋናይት አንጀሊና ጆሊም ስሟን ሰጥታዋለች። እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይከብዳል። በዩታ በረዶ ላይ ቆሞ የሚያጨበጭበው ተመልካች ምን ያርማል? እርሱ ልጅ አይጠልፍም፤ ልጁም አትጠለፍበትም።

ሕጉስ? ሕጉ አስቀድሞ ተለውጧል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሚጸና ጋብቻ ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 የነበረውን ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ወንጀለኛውን አያድነውም። ፊልሙ የታየው ከዚህ 9 ዓመት በኋላ ነው። ሕጉን የለወጡት በየፍርድ ቤቱ የተመላለሱት ሴቶች ናቸው እንጂ ሲኒማ አይደለም። የዴልሂ ቅደም ተከተል እዚህም ተደገመ።

ይህን በማለቴ ፊልሙን ማጣጣሌ አይደለም። በውስጡ ሁለት ታላላቅ መልካም ነገሮች አሉ። አንደኛው ርእሱ ነው፤ «ድፍረት» በአማርኛችን ጀግንነትም ነው፥ ክብርን መንጠቅም ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። ሽማግሌዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን ቃል ሲያዳምጡ ደራሲው አልቸኮለም፤ አልዘበተባቸውምም። የሟች ወገን ሲናገር ተመልካቹ «ይህ ሰው አውሬ አይደለም፤ አባቱ ያደረገውን ነው ያደረገው» ብሎ እስኪጨነቅ ድረስ ይሰማል። ባዕድን ለማስደሰት ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ክፍል አያረዝመውም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የሚያቀርበው ጨካኝ ወንድና የምታለቅስ ልጅ ብቻ ነው።

የሚያሳዝነው ግን ይህ ሸንጎ የተነገረላቸው ሰዎች ጋ መጀመሪያ አለመድረሱ ነው። ድርጊቱ በተፈጸመበት አገር ገበሬው የሚናገረው በአብዛኛው ኦሮምኛ ነው፤ ፊልሙ ግን በአማርኛ ነው። ከአርሲ በፊት ዩታና በርሊን አዩት። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ የሆነው ነው። በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጣ። ያሳገደችው መንግሥት ወይም ቀናተኛ ሽማግሌ አልነበረም፤ ባለታሪኳ ራሷ ናት። ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ስትል ከሰሰች። እግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ በአገር ውስጥ ታየ። ነገር ግን ያለ ፈቃድ ስለ ተወሰደች ልጅ የተሠራ ፊልም፥ ያለ ፈቃድ ተወሰደ ተብሎ መከሰሱን ማንም ተማሪ በቀላሉ ሊያልፈው አይገባም። ፍርዱን ለሕግ ሰዎች እተዋለሁ፤ እኔ ግን ከዚህ አንድ ነገር ተማርሁ። ባለታሪኩን በመጨረሻ ወንበር የሚያስቀምጥ ፊልም፥ ሐሳቡ ቅን ቢሆንም እንኳ፥ ለባዕድ የተዘጋጀ መሆኑን በአቀማመጡ ይመሰክራል።

ጓደኞቼ በዚህ ላይ አንድ መልካም ተቃውሞ አቀረቡልኝ። «የባዕድ ጭብጨባ ባይኖር ማን ያየው ነበር? እኛም ያየነው ሽልማት ስላገኘ ነው» አሉኝ። እውነት ነው። ገንዘቡም ቢሆን ከአገር ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፤ ሲኒማ ቤት የሌለው ወረዳ ብዙ ነውና። ይሁን እንጂ ይህ ተቃውሞ የሚያስረዳው የኛን ድካም ነው እንጂ የባዕድን ጭብጨባ ጥቅም አይደለም። የራሳችንን ነገር ባዕድ መርቆ ካልላከልን አናይም ማለት ነው። ከዚያም ሌላ፥ በሽልማቱ ምክንያት ፊልሙን ያየነው እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን፤ ጠለፋ ክፉ መሆኑን ለማመን ፊልም የሚያሻን ግን እኛ አይደለንም።

4. የቡለን ነገር

እኔ የተወለድሁት በመተከል ዞን በቡለን ነው። በወረዳችን ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ አገው፥ አማራና ኦሮሞ አብረው ይኖራሉ። ሲኒማ ቤት የለንም፤ ፊልም የሚታየው በስልክና በሻይ ቤት ቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ ከዚህ በላይ ያተትሁት ነገር ለኔ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የተማርሁት በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ካሜራ ይዘው ጎበኙን። በግቢያችን መካከል የውሃ ቧንቧ ነበረ። እንግዶቹ ግን የጉሙዝ ልጃገረዶች በትከሻቸው ላይ በሚያጋድሙት እንጨት ግራና ቀኝ ዕቃ አንጠልጥለው ከወንዝ ሲመጡ ለማንሣት ፈለጉ። ቧንቧው ከሥዕሉ ውጭ እንዲሆን ተደረገ፤ ጫማ ያደረጉትም አውልቁ ተባሉ። ፊልሙን ከኛ መካከል ያየው የለም። ከዓመት በኋላ ግን የሴቶቹ ማደሪያ ጣራ በአዲስ ቆርቆሮ ተለወጠ፤ ገንዘቡም ከዚያ ፊልም ተመልካቾች የተሰበሰበ መሆኑ ተነገረን። በክረምት ከዚያ ጣራ ሥር የተኙት ልጆች አልረጠቡም። ይህን በዐይኔ ስላየሁ፥ የባዕድ ርኅራኄ ሁሉ ከንቱ ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም። ነገር ግን ጣራው አንድም የልማድ ነገር አልለወጠም። ከዚያው ጣራ ሥር ከተኙት ልጆች አንዷ በዚያው ዓመት ለወንድሟ ሚስት ማግኛ ተለውጣ ትምህርቷን ተወች።

ይህን ልማድ ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። በጉሙዝ ዘንድ ከቈየው ሥርዓት አንዱ የልውውጥ ጋብቻ ነው። አንድ ጐልማሳ ከሌላ ጎሣ ሚስት ሲያገባ፥ በምትኩ እኅቱን ወይም ሌላ የዘመዱን ልጅ ለዚያ ጎሣ ይሰጣል። እኅት የሌለው ወንድ ይቸገራል። አንደኛዋ ትዳሯን ጥላ ብትሄድ የሌላዋም ትዳር ይናጋል፤ ከዚህም የተነሣ በጎሣዎች መካከል ጠብ ይነሣል። ልማዱ የራሱ ምክንያት አለው፤ ሁለቱን ወገኖች እኩል ያደርጋል፥ ገንዘብ የሌለውንም ሰው ባለትዳር ያደርጋል። ክፋቱ፥ ሚዛኑ የሚስተካከለው በልጅቷ መሆኑ ነው፤ እርሷ ግን አትጠየቅም።

«ድፍረት»ን ባየንበት ሌሊት ከኛ ጋር አንዲት የጉሙዝ ተማሪ ነበረች። ሌሎቻችን ስንከራከር ዝም ብላ ቈየችና እንዲህ አለች፤ «ይቺ ልጅ የተኮሰችው በጠላቷ ላይ ነው። እኔስ በማን ላይ ልተኩስ? የሚለውጠኝ ወንድሜ ነው። በኔ ምትክ የምትመጣውም እንደኔ ያለች ልጅ ናት። እኔ ጥዬ ብሄድ እርሷንም ወገኖቿ መጥተው ይወስዷታል፤ የወንድሜ ቤት ይፈርሳል።» ከዚህ በኋላ ማናችንም ቶሎ አልተናገርንም።

ይህ ቃል ከሁሉ የፊልም ትችት የበለጠ አስተምሮኛል። በውጭ በዓል የሚሸለም ፊልም በዳይና ተበዳይ በግልጽ የተለዩበት፥ ከውጭም አዳኝ የሚመጣበት እንዲሆን ይፈለጋል። በዚህ ልማድ ውስጥ ግን በዳዩ የሚወደድ ወንድም ነው፤ ተበዳይዋ ብታመልጥ ሌላ ተበዳይ ትፈጥራለች። ይህን ለማያውቅ ተመልካች የሚሠራ ሰው ወንድሙን አውሬ ማድረግ ይገደዳል። ያን ጊዜ ደግሞ ወንድሙ ራሱ ፊልሙን ቢያይ «ይህ እኔ አይደለሁም» ብሎ ይነሣል፤ ትክክልም ነው።

እዚህ ላይ «ባዕድ» የሚለውን ቃል ራሱን መመርመር አለብን። ክርክራችን ሁሉ ባዕድ ማለት ፈረንጅ እንደ ሆነ አድርጎ የሚናገር ነው። ለጉሙዝ ገበሬ ግን የአዲስ አበባ ተመልካችም ባዕድ ነው። ደገኛው ይህን ሕዝብ ለብዙ ዘመን በንቀት ስም ይጠራውና ለባርነት ያድነው እንደ ነበር የታሪክ መምህሮቻችን አስተምረውናል። በቅርቡም የወረዳችን ስም በሩቅ የተሰማው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በበኩጂ ቀበሌ በተፈጸመው የሰላማዊ ሰዎች ግድያ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን በወቅቱ አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ «ቡለን ነው አገሬ» ባልሁ ቁጥር የሚያዩኝ ሰዎች ዐይን ይለወጣል። ያ ኀዘን እውነት ነው፤ ሊሸሸግም አይገባውም። ነገር ግን በዚያ ምስል ላይ ስለ ልውውጥ ጋብቻ የሚያወራ ፊልም ተጨምሮ በአዲስ አበባ ቢታይ፥ ተመልካቹ ስለ አንዲት ልጅ አዝኖ ሳይሆን ስለ አንድ ሕዝብ ፈርዶ እንዳይወጣ እፈራለሁ። ገዢ በባዕድ ፊት ሲያፍር ይሠራል፤ የተናቀ ሕዝብ ግን በናቀው ፊት ሲገለጥ ልማዱን አጥብቆ ይይዛል። ልማዱን መጣል ለናቂው እጅ መስጠት ይመስለዋልና።

5. መደምደሚያ

እንግዲህ የማኅበራዊ ጉድለትን የሚያጋልጥ ፊልም ሲቀርብልን «አገርን አዋረደ» ወይም «እውነትን ተናገረ» ብለን ከመቸኮላችን በፊት ሦስት ነገር እንድንጠይቅ አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ጥፋቱ የማን ነው? የገዢ ከሆነ የባዕድ ዐይን ይረዳል፤ የልማድ ከሆነ ብቻውን አይረዳም። ሁለተኛ፥ አስቀድሞ የሚያየው ማን ነው፥ በማንስ ቋንቋ ነው? ሦስተኛ፥ ባለታሪኩ ተጠይቋልን፥ ለመመለስስ ስፍራ አለውን?

በዚህ መመዘኛ «ድፍረት» በሥራው መልካም ሆኖ ጉዞውን ከሩቁ ጫፍ የጀመረ ፊልም ነው። ሸንጎውን በመልካም አቀረበ፤ ፊልሙን ግን ወደ ሸንጎው መልሶ አልወሰደውም። ለባዕድ ደስታ ብቻ ተሠራ የሚሉትም፥ አገርን ያርማል የሚሉትም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ለኛ ወረዳ የምመኘው ሌላ ዐይነት ሥራ ነው። ጉሙዞች ጠባቸውን የሚያበርዱበት ማንጊማ የተባለ የሽማግሌዎች ሥርዓት አላቸው። በጉሙዝኛ የተሠራ አጭር ፊልም በዚያ በሽማግሌዎች፥ በእናቶችና በልጃገረዶች ፊት ቢታይ፥ ወንድሙ የሚወደድ ወንድም ሆኖ ቢቀርብ፥ የልጅቷም ዝምታ ቢታይ፥ ከዚያም መብራቱ በርቶ ሰው ቢከራከር፥ ለውጡ ከዚያ ሊጀምር ይችላል። ልማዱ ያሰረው ሁለት ቤት በአንድነት ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ቤቶች በአንድነት ካልተስማሙ አንዲት ልጅ ብቻዋን ልትፈታው አትችልም። ገንዘቡ ከባዕድ ቢመጣም አልቃወምም፤ የቆርቆሮውን ጣራ አልረሳሁትም። ፊልሙን ለመሥራት የሚበቁት ግን ቋንቋውን የሚናገሩት የኛው ተማሪዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ያቺ ዝም ብላ ቈይታ የተናገረችው ጓደኛችን አንዷ ናት። ፊልሙ ይሠራ ዘንድ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው የርሷ ፈቃድ ነው።

ይህ የኔ አሳብ ነው። የተሳሳትሁበት ነገር ቢኖር መምህራንና ጓደኞቼ፥ ይልቁንም ከመተከል የመጡት፥ በሚቀጥለው እትም ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል።